ሁለታችንም የምናውቀው ቃል

(ለጎልማሳ አዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ንግግር ነው። "ስለ ንግግር ደግሞ ምን ይወራል? አፍ የፈታንበት ቋንቋ አይደለም ወይ?" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የምናውቀው ቋንቋ ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከማወቃችን ነው። እንዴት መሰላችሁ?

አንድ ሰው የማታውቁትን ቃል ቢናገር ምን ታደርጋላችሁ? "ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ሰውዬው ያስረዳችኋል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እንግዲህ የማናውቀው ቃል ብዙ አይጎዳንም። የሚጎዳን ሁለታችንም የምናውቀው ቃል ነው። እኔ አንድ ነገር አስቤ እናገረዋለሁ፤ እናንተ ሌላ ነገር አስባችሁ ትሰሙታላችሁ። እኔ ያስረዳሁ ይመስለኛል፤ እናንተም የገባችሁ ይመስላችኋል። ማንም አይጠይቅም። ቃሉ የታወቀ ነው፣ ለምን ይጠየቃል? ስሕተቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ገበያ ላይ ከሆነ ጠብ ሆኖ ይታያል። ሐኪም ቤት ከሆነ ደግሞ ከጠብ የባሰ ነገር ሆኖ ይታያል።

መቼም ብዙ ፍቺ ያለው ቃል ሁሉ ያሳስታል ማለት አይደለም። "ሳለ" የሚለውን ቃል ተመልከቱ። "ቢላዋውን ሳለ" እንላለን። "ሥዕል ሳለ" እንላለን። "ጉንፋን ይዞት ሌሊቱን ሙሉ ሳለ" እንላለን። ሦስቱም ሌላ ሌላ ሥራ ናቸው። ግን ማን ይሳሳታል? ቢላዋ ጉንፋን አይዘው! አጠገቡ ያሉት ቃላት መንገዱን ይመሩናል። ባለቅኔዎች ደግሞ ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል ሆን ብለው ይፈልጉታል፤ ሰምና ወርቅ ይሉታል። በቅኔ ቤት ደስ የሚል ነገር ነው። በጤና ጣቢያ ግን ሰምና ወርቅ አያስፈልግም። ዛሬ ብዙውን ምሳሌ የምናመጣውም ከዚያ ነው።

ከሰዓት እንጀምር።

እንበል፣ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ጤና ረዳቱ ክኒን ሰጣትና "እናቴ፣ በየስምንት ሰዓቱ አንድ አንድ ይስጡት" አላት። እርሷም "እሺ ልጄ" ብላ ተመለሰች። ቤቷ ደርሳ ምን አደረገች? ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን አንድ ክኒን ሰጠችው። በማግሥቱም ስምንት ሰዓትን ጠብቃ አንድ ሰጠችው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። አንድ ቀን እንኳ አላጓደለችም።

አያችሁ? እርሱ ያለው "በየስምንት ሰዓቱ" ነው። እርሷ የሰማችው "በስምንት ሰዓት" ነው። በጽሑፍ ብታዩት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ መሐል ላይ አንዲት "የ" ገባች፤ መጨረሻ ላይ ያለችው "ት" ደግሞ "ቱ" ሆነች። በፍቺ ግን የትና የት! አንዱ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሌላው ከአንዱ ክኒን እስከ ሌላው ክኒን የሚያልፈውን ጊዜ ይናገራል። እኛ ሁለቱንም "ሰዓት" ብለን እንጠራቸዋለን።

"በየስምንት ሰዓቱ" ማለት ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ሦስት ጊዜ ነው። ለምሳሌ ከጧቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ከሦስቱ አንዱ በእርግጥ ስምንት ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ስሕተቱ እውነት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ልጁ ግን ከሚገባው መድኃኒት ሲሶውን ብቻ ወሰደ። በሽታው አልለቅ ይለዋል። እናትየው "መድኃኒቱ አይረባም" ትላለች፤ ጤና ረዳቱ ደግሞ "እናትየዋ በትክክል አልሰጠችውም" ይላል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው።

ሰዓት ሌላም ጣጣ አለው። በእኛ አቆጣጠር ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ከንጋት ነው። በውጭ አገር አቆጣጠር ግን ከእኩለ ሌሊት ነው። በመካከላቸው 6 ሰዓት ልዩነት አለ። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በውጭው አቆጣጠር ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ ቲኬቷ ላይ 02:00 የሚል አለ እንበል። የተማረ ጎረቤት አየላትና "በሁለት ሰዓት ነው" አላት። ያነበበው ትክክል ነው። እርሷ ግን የሰማችው የእኛን ሁለት ሰዓት ነው። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ከነሻንጣዋ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከተነሣ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ቲኬቱ የሚለው በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር።

የዓመት ቁጥርም እንዲሁ ነው። በብዙ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ጊዜ በውጭው ዘመን አቆጣጠር ነው። የእነርሱ ዓመት ከእኛው በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። "12/2024" የሚል ማሸጊያ ጊዜው ያለፈው በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቁጥር ማንበብ የቻለ፣ አቆጣጠሩን ግን ያልጠየቀ ሰው "ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል" ብሎ የተበላሸውን ይውጣል።

ስለ ቀጠሮም አንድ ነገር ላንሣ። "የዛሬ ስምንት" ሲባል ሰምታችኋል። ዛሬ ማክሰኞ ቢሆን የዛሬ ስምንት የሚመጣው ማክሰኞ ነው። አባቶች ዛሬን ጨምረው ስለሚቆጥሩ ነው። በጣታችሁ ቁጠሩት፤ ማክሰኞ አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ እያላችሁ ብትሄዱ ስምንተኛዋ ራሷ ማክሰኞ ትሆናለች። ዛሬን ሳይጨምር ስምንት ቀን የቆጠረ ሰው ግን ረቡዕ ይመጣል። ለሠርግ ከሆነ የሚያጣው ጠጅና ጥሬ ሥጋ ነው። ለፍርድ ቤት ከሆነ መዝገቡ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ "የዛሬ ስምንት፣ ማክሰኞ" ብሎ የቀኑን ስም መጨመር ይሻላል። አንዲት ቃል ናት፤ ታግዛለች።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ። "መድኃኒት" የሚለው ነው።

መድኃኒት ምንድን ነው? የሚያድን ነገር ነው፤ ቃሉም ከመዳን የመጣ ነው። ታዲያ ተባይ የሚገድለውን ምን እንለዋለን? "የተባይ መድኃኒት"። አረም የሚያደርቀውን? "የአረም መድኃኒት"። አይጥ የሚፈጀውን? "የአይጥ መድኃኒት"። ለሰብላችን በእርግጥ ይረዳል። ለትሉ፣ ለአረሙና ለአይጡ ግን መርዝ ነው፤ ለሰውም መርዝ ነው። ሙሉ ስሙ ሲጠራ ችግር የለውም፤ "የተባይ" የምትለዋ ቃል ታስጠነቅቃለች። ነገር ግን ሰው ሥራ ላይ ሲሆን ንግግር ያሳጥራል። "መድኃኒቱን ረጨሁት" ይላል። "መድኃኒቱ አለቀብኝ" ይላል። አስጠንቃቂዋ ቃል ቀረች።

እንበል፣ አንድ ገበሬ ለማሳው ከተገዛው የተባይ ማጥፊያ ጥቂት ቀንሶ በለስላሳ ጠርሙስ ይዞ ቤቱ ገባ። መደርደሪያ ላይ አኖረው። ባለቤቱ "ምንድን ነው ይሄ?" አለችው። "መድኃኒት ነው" አላት። አልዋሸም፤ ሁልጊዜም የሚጠራው እንደዚያ ነው። እርሷም ነገሩን አወቀች፤ ማሳው ላይ አብራው ውላለችና። ትንሹ ልጃቸው ግን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። ከሳምንት በኋላ እኅቱ ስትስል አመሸች። እናትና አባት ለልቅሶ ጎረቤት ሄደዋል። አያትየው ተጨንቀው "ምነው፣ እቤት ውስጥ መድኃኒት የለም እንዴ?" አሉ። ልጁም "አለ እማማ፣ መደርደሪያው ላይ አለ" ብሎ አወረደላቸው።

የቀረውን መናገር አልፈልግም። በዚያ ቤት ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። ክፉ ያሰበ ሰውም የለም። አንድ ቃል ብቻ ሁለት ፍቺ ይዞ ከሰው ወደ ሰው ተሻገረ።

የተባይም ሆነ የአረም ማጥፊያ ከመጣበት ዕቃ ወጥቶ በሚጠጣ ነገር ጠርሙስ ውስጥ መግባት የለበትም። የሚቀመጠውም ልጆች በማይደርሱበት፣ ቁልፍ ባለው ቦታ ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኔ የምጨምረው ስሙን እንድትለውጡት ነው። በቤት ውስጥ "መርዝ" በሉት። "መርዙን ረጨሁት"፣ "መርዙን ቆልፌበታለሁ" በሉ። ለጆሮ ይከብዳል፤ ይክበድ! ፊደል የለያችሁ ደግሞ በዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ጻፉበት። መ፣ ር፣ ዝ፤ ሦስት ፊደል ናት። ነጭ ጋዝ በውሃ ጠርሙስ የምታስቀምጡም ካላችሁ ነገሩ ያው ነው።

ስለ መለኪያ ባጭሩ ልናገርና ልለፍ። "አንድ ማንኪያ ስጡት" ተባለ። የትኛው ማንኪያ? የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል። ለሕፃን ሦስት እጥፍ መድኃኒት ቀልድ አይደለም። "በአንድ ጠርሙስ ውሃ በጥብጡት" ሲባልም እንዲሁ ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት፣ ማለትም ኦ አር ኤስ፣ በአንድ ሊትር ውሃ የሚበጠበጥ ፓኬት ከሆነ የቢራ ጠርሙስ አይበቃውም። የቢራ ጠርሙስ 33 ሳንቲ ሊትር፣ የሊትር ሲሶ ነው። ጨው የበዛበት ውሃ ተቅማጥ ያደከመውን ሕፃን ይጎዳዋል። ፓኬቱ ላይ የውሃው መጠን ተጽፏል፤ አንብቡት።

የበሽታ ስሞች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። "ደም ብዛት" የሚለውን እንውሰድ። ስሙን የሰማ ሰው ምን ያስባል? በሰውነቴ ውስጥ ያለው ደም በዝቷል ብሎ ያስባል። ቃሉ የሚለው እርሱን ነዋ! በሽታው ግን እርሱ አይደለም። በሽታው የደም ግፊት ነው። ደም በሥሮቻችን ውስጥ ሲሄድ የሥሩን ግድግዳ ይገፋል፤ ያ ግፊት ከልክ ሲያልፍ ነው ሕመም የሚሆነው። መለኪያው በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲያሳይ ሐኪሞች ከፍ ብሏል ይላሉ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ አስቡ። ውሃው ሳይጨምር የጎማውን አፍ ጨበጥ ብታደርጉት ውሃው በኃይል ይፈናጠራል። ብዛትና ግፊት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

"ምን ለውጥ ያመጣል? ስም ነው" የሚል አይጠፋም። ለውጥማ ያመጣል። "ደሜ በዝቷል" ብሎ ያሰበ ሰው በዋግምት ደሙን አስወጥቶ "ቀለለኝ" ይልና ክኒኑን ይተወዋል። ደም ይጨምራል ብሎ ቀይ ሥር የሚፈራ ሰው፣ መቀነስ የነበረበትን ጨው ግን ወጡ ላይ ይነሰንሳል። ሐኪሙ "ደም ማነስም አለብህ" ቢለውማ ጨርሶ ግራ ይጋባል። "ትናንት በዛ፣ ዛሬ አነሰ፤ ይኼ ሐኪም አያውቅም" ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ግን ተቃራኒ አይደሉም። በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ስማቸው ብቻ ነው ያጣላቸው። እኔ በበኩሌ "የደም ግፊት" የሚለው ስም የተሻለ ነው እላለሁ፤ የበሽታውን ሥራ በትክክል ይናገራልና።

"ነቀርሳ" የሚለውም ቃል ብዙ ሰው አስደንግጧል። "የሳምባ ነቀርሳ" ሲባል ቲቢ ነው። በሳል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተወሰደ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ይድናል። "ነቀርሳ" ብቻ ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚረዳው ካንሰርን ነው። ቲቢ የተገኘበት ሰው "ነቀርሳ" የምትለዋን ብቻ ሰምቶ "አለቀልኝ" ብሎ ቤቱ ገብቶ ቢተኛስ? የሚድን ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ስትሰሙ ቶሎ አትደንግጡ፤ "የትኛው ነቀርሳ ነው? ቲቢ ነው ወይስ ካንሰር?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም።

እስካሁን ከሐኪሙ ወደ እኛ የሚመጣውን ቃል አየን። ከእኛ ወደ ሐኪሙ የሚሄደውስ? "ኩላሊቴን አመመኝ" እንላለን። ስንል ግን ብዙ ጊዜ ወገባችንን ወይም ጎናችንን ማለታችን ነው። ሐኪሙ ኩላሊት የሚለው አንዱን የሰውነት ክፍል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከቃል ይልቅ እጅ ይናገራል፤ የሚያመውን ቦታ በእጃችሁ አሳዩ። ሌላም አለ። ሐኪሙ "እንደምን ነዎት?" ብሎ ይጠይቃል። ክርስቲያኑ "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ሙስሊሙ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። ጨዋነት ነው፤ ሰላምታ በሰላምታ ይመለሳል። ሐኪሙ የጠየቀው ግን የሰላምታ እንደምን ነዎት ላይሆን ይችላል፤ ሕመሙን ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ይጽፍበታል! ምስጋናው ይቅደም፤ ከዚያ "ግን ሌሊት ይህን ይህን አደረገኝ" ይከተል።

ከቃላችን ሁሉ አስቸጋሪው "እሺ" ነው። "እሺ" ማለት አደርገዋለሁ ማለት ነው። ሰምቻለሁ ማለትም ነው። ይብቃህ፣ ሂድልኝ ማለትም ይሆናል። "እሺ፣ ነገ" ሲባል ደግሞ አይሆንም ማለት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ታዲያ ጤና ረዳቱ "ገባዎት?" ብሎ ሲጠይቅ "እሺ" የሚል መልስ ምን ይነግረዋል? ምንም አይነግረውም። ያች እናትም "እሺ ልጄ" ብላ ነበር።

ስለዚህ የሚነግራችሁ ሰው ባይጠይቃችሁም፣ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት። "እንግዲህ ጧት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ ስተኛ አንድ ነው የምሰጠው፤ አይደል?" በሉት። ስሕተት ካለ እዚያው ይያዛል። እናንተም መልእክት ስትልኩ፣ ሠራተኛ ስታዝዙ፣ ልጅ ወደ ገበያ ስትሰዱ "ገባህ?" አትበሉ። "እስቲ ምን ልታደርግ ነው? ንገረኝ" በሉ። መጀመሪያ ላይ ሰውን እንደ መናቅ ይመስላል። "የነገርሁህን በደንብ አስረድቼህ እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው" ብትሉ ማንም አይቀየምም።

ይህን በወረቀት ለምታነቡት አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን የድምፁን መጥበቅና መላላት አይጽፍም። "ሐኪሙ አለ" የሚለውን አንብቡ። "አለ" ጠብቆ ሲነበብ ሐኪሙ በቦታው ይገኛል ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ሐኪሙ ተናገረ ማለት ነው። "ገና ነው" የሚለውም ቢጠብቅ በዓሉ ነው፤ ቢላላ ጊዜው አልደረሰም ነው። በሬዲዮ ስትሰሙን ድምፃችን ይለይላችኋል። በወረቀት ላይ ግን ለብቻችሁ ናችሁ፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል አይታችሁ ነው የምትለዩት። ካልገባችሁ ተመልሳችሁ አንብቡ፤ ድምፅ አውጥታችሁም አንብቡት።

ገበያ ሳንደርስ ጊዜያችን አለቀ። ለሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ቁና ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ጥማድም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ስለሆነ እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አፈሩ ይሰፋል፣ ይጠባል። በእናንተ መንደር አንድ ቁና ስንት ጣሳ ይይዛል? ከወንዝ ማዶ ላለው ዘመዳችሁስ? ጠይቁና በደብተራችሁ ላይ በቁጥር ጻፉት። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተገናኙ እህል ከመበዳደራችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

ደኅና እደሩ።